ትንፋሽ 20

በዚህ ሳምንት ያናደደኝ አንድ ቁጥር ነው። አክስቴ ሆስፒታል ተኝተው ልጠይቃቸው ሄጄ ቻርታቸውን አየሁት። ጠዋት ትንፋሽ 20፣ ከሰዓት 20፣ ማታም 20። እሳቸው ግን ሁለት ትራስ ተደግፈው፣ ትከሻቸው ከፍ ዝቅ እያለ፣ አንዲት ዓረፍተ ነገር ለመጨረስ ሦስት ጊዜ ያርፉ ነበር። ሰዓት ይዤ ደረታቸውን እያየሁ ቆጠርኩ። ከ30 በላይ ነው።

የሞላችው ለተግባር ልምምድ (አታችመንት) የመጣች የነርሲንግ ተማሪ ናት። «የኔ ልጅ፣ መቼ ቆጠርሽው?» አልኳት። አልዋሸችኝም። «ክፍል ውስጥ ያስተማሩን ሙሉ ደቂቃ እንድንቆጥር ነው። እዚህ ግን ሁሉም እንዲህ ነው የሚሞላው» አለችኝ።

እሷ ላይ አልተናደድኩም። የተናደድኩት ልጅቷን እዚያ አስገብቶ ብቻዋን በተዋት አሠራር ላይ ነው። ይህን ዓምድ የሚከታተል ሰው ያውቃል፤ ተማሪን አስተማሪ ወደሌለበት ዋርድ መስደድ ከዓመታት በፊት የጀመርኩት ጠብ ነው።

ትንፋሽ ቀላል ነገር አይደለም። ሰው ሲደክም ብዙ ጊዜ የደም ግፊቱ ከመውረዱ በፊት ትንፋሹ ይፈጥናል። ጤነኛ አዋቂ በደቂቃ ከ12 እስከ 20 ጊዜ ይተነፍሳል፤ ስለዚህ 20 ብሎ የጻፈ ሰው «ምንም የለም» ብሎ ፈርሟል ማለት ነው። ማታ ተረኛው ሐኪም ያንን ወረቀት አይቶ ወደሚቀጥለው አልጋ ያልፋል። ለመቁጠር መሣሪያ አያስፈልግም፤ ሰከንድ የሚቆጥር ሰዓትና አንድ ደቂቃ ትዕግሥት ይበቃል።

ትምህርቱ በወረቀት ሲታይ ጥሩ ነው። ለዲግሪ አራት ዓመት ነው፤ አናቶሚ፣ ፊዚዮሎጂ፣ ፋርማኮሎጂ፣ የነርሲንግ መሠረታዊ ክህሎት ይማራሉ። ስኪል ላብ ገብተው በአሻንጉሊት ላይ መርፌ መውጋት፣ ካቴተር ማስገባት፣ ቁስል ማጠብ ይለማመዳሉ። ከዚያ ጋውን ለብሰው፣ ሎግቡክ ይዘው ዋርድ ይገባሉ። ችግሩ የሚጀምረው እዚህ ነው። የመንግሥት ኮሌጁም፣ የግል ኮሌጁም፣ ዩኒቨርሲቲውም ተማሪዎቻቸውን ወደዚያው ሆስፒታል ይልካሉ። ሚድዋይፎቹና የሕክምና ተማሪዎቹ ሲጨመሩ አንድ አልጋ ዙሪያ የቆመው ሰው ብዛት በሽተኛውን ያስጨንቃል። የኮሌጁ አስተማሪ ብቅ ብሎ ሎግቡክ ፈርሞ ይሄዳል። ተማሪዎቹ የሚቀሩት ከዋርዱ ነርስ ጋር ነው። እሷ ደግሞ የራሷ በሽተኞች፣ የራሷ መድኃኒት ሰዓት አላት። አስተምሪ ተብላ የተቀነሰላት ሥራ የለም፣ የተጨመረላት ነገርም የለም። ቸኩላ 20 ብላ ስትሞላ ያየች ተማሪ ምን ትማራለች? ያየችውን ነዋ!

ከ2015 ጀምሮ የመውጫ ፈተና አለ፤ ቀጥሎም ከጤና ሚኒስቴር የሙያ ፈቃድ ፈተና። ፈተናውን አልጠላም። ግን ኮምፒውተር ላይ የሚቀርብ የምርጫ ጥያቄ ደረት ታይቶ ይሁን ሳይታይ አያውቅም። ተማሪዎቹም ይህን ያውቃሉ፤ ስለዚህ የመጨረሻውን ዓመት በቴሌግራም የተለቀቀ የጥያቄ ስብስብ ሲያጠኑ ይከርማሉ። የመውጫ ፈተናው ማለፊያ 50 በመቶ ነው። «ልምዱ ሥራ ሲገቡ ይመጣል» የሚሉኝ ሰዎች አሉ። ይመጣል፤ ሥራ ላይ የሚጠብቃቸው ልምድ ግን ያው 20 ነው።

እኛ አገር ከዚህ የተሻለ አልታየም እንዳይባል። ወባ ደምቢያን ከፈጀ በኋላ በ1947 ጎንደር ላይ የተከፈተው የሕዝብ ጤና ኮሌጅ የጤና መኮንኑን፣ የማኅበረሰብ ነርሷንና የንጽሕና ባለሙያውን በአንድ ቡድን አድርጎ ገጠር ጤና ጣቢያ ያወርዳቸው ነበር። አብረው ይሠራሉ፣ አብረው ይማራሉ፣ አንዱ የዘለለውን ሌላው ያያል። ከአገር ውጪም ቢሆን ልዕልት ፀሐይ በስደት ዘመን ለንደን፣ ግሬት ኦርመንድ ስትሪት የሕፃናት ሆስፒታል ነርስነት የተማሩት በሽተኛ አልጋ አጠገብ እየሠሩ ነው። የንጉሥ ልጅ መሆናቸው ከዚያ አላስቀራቸውም።

ይህን ሁሉ እያሰብኩ አንድ ነገር ቀልቤን ወሰደው። የአክስቴ ትንፋሽ እንደተለወጠ መጀመሪያ ያወቀው ማን ነው? ቻርቱ አይደለም፤ እኔም አይደለሁም። አልጋው ሥር ፍራሽ ዘርግታ የምታድረው ልጃቸው ናት። «ከትናንት ማታ ጀምሮ አተነፋፈሷ ሌላ ሆኗል» ብላ ለሁለት ሰው ተናግራለች፤ የሰማት የለም። የምታጥባቸው እሷ ናት፣ የምታጎርሳቸው እሷ፣ የምታገላብጣቸው እሷ። በአገራችን ሆስፒታሎች ብዙው የነርስነት ሥራ ያለው በአስታማሚ እጅ ነው። ደመወዝ የላትም፤ የሐኪም ራውንድ ሲጀመር ደግሞ «ውጪ ጠብቂ» ትባላለች።

ታዲያ ተማሪዋ ከዚህች ሴት ጋር መሥራት ለምን አትማርም? በየሁለት ሰዓቱ እንድታገላብጣቸው፣ የአልጋ ቁስል እንዳይጀምር ተረከዝና ወገብ ሥር ቆዳው መቅላቱን ወይም መጥቆሩን እንድታይ፣ ስታጎርሳቸው ቀና አድርጋ ምግቡ ወደ ሳንባ እንዳይገባ እንድትጠነቀቅ፣ ትንፋሽ እንዴት እንደሚቆጠርና ስንት ሲደርስ እንደምትጣራ ብታሳያት ምን ያህል ጊዜ ይወስዳል? ሌላውን ያስተማረ ተማሪ ደግሞ ራሱም ይማራል፤ «ሙሉ ደቂቃ ቁጠሪ» ያለች ልጅ ሳትቆጥር ለመጻፍ ታፍራለች።

ለኮሌጆቹ የማቀርበው ልመና ሁለት ነው። ለምታስተምረው የዋርድ ነርስ ሰዓትና ክፍያ ይመደብላት፤ በእሷ እጅ የሚሆኑት ተማሪዎችም በስም ተለይተው የሚታወቁና ጥቂት ይሁኑ። ሎግቡኩ ላይ ደግሞ መርፌና ካቴተር ከተዘረዘሩበት ሥር አንድ መስመር ይጨመር፤ «አስታማሚ አስተምሬያለሁ» የሚል። የምትፈርምበት ራሷ አስታማሚዋ ትሁን፤ መጻፍ የማትችል ከሆነች በአውራ ጣቷ ታትም።