ለከሚሴ ፎቆች አንድ ቁጥር አይበቃም

በከሚሴና በዙሪያዋ ፎቅ ለሚነድፉ የስትራክቸር መሐንዲሶችና ንድፉን ለሚያጸድቁ ባለሙያዎች የተጻፈ ግልጽ ደብዳቤ

በ1953 ዓ.ም. በግንቦት የተነሣው የካራቆሬ ርዕደ መሬት ከከሚሴ በስተደቡብ ማጀቴን አፍርሷል፤ ካራቆሬንም ክፉኛ ጎድቷል። የአዲስ አበባው ጂኦፊዚክስ ኦብዘርቫቶሪ መሥራች ፒየር ጉዋን ታሪኩን መዝግበውታል። ከሚሴ የምትገኘው በዚያው የአፋር ስምጥ ምዕራባዊ ጠርዝ ሥር ነው። ዛሬ በደሴ መንገድ ግራና ቀኝ ኮንክሪትና ብሎኬት ይቆማል።

ሕንፃ በምን ፍጥነት እንደሚወዛወዝ የሚወስነው የግትርነቱና የክብደቱ ማትሪክሶች አይገንቫልዩ ነው፤ እሱ ሲጨምር የውዝዋዜ ጊዜው ያጥራል። በተለመደው አሠራር መሐንዲሱ ሞዴሉን በኤታብስ ይሠራል፣ አንድ የውዝዋዜ ጊዜ ያገኛል፣ የርዕደ መሬቱን ኃይል በዚያ ያሰላል። ወደ ማትሪክሱ የገቡት ቁጥሮች ግን እርግጠኛ አይደሉም። ኮንክሪት ከሙሌት ሙሌት ይለያያል፤ ሲሰነጠቅም ይላላል። የአገራችን ደንብ የተመሠረተበት ዩሮኮድ 8 ራሱ ግትርነቱ በግማሽ ተቀንሶ እንዲሰላ ይፈቅዳል። የብሎኬት ግድግዳው ደግሞ ክብደቱ ተቆጥሮ ግትርነቱ ይረሳል።

ልዩነቱ ቀላል አይደለም። ሳይሰነጠቅ 0.5 ሴኮንድ የሚወዛወዝ ፎቅ ግትርነቱ በግማሽ ሲቀንስ 0.71 ሴኮንድ ይሆናል፤ ብሎኬቱ ግትርነቱን እጥፍ ቢያደርገው ደግሞ 0.35 ይደርሳል። በዩሮኮዱ ዓይነት 1 ስፔክትረም፣ በመሬት ዓይነት ቢ፣ 0.35 ከፍተኛው ኃይል ላይ ያርፋል፤ 0.71 ኃይሉን በ30 በመቶ ያህል ይቀንሳል። መሐንዲሱ 0.71ን ብቻ ይዞ ከሄደ የተቀነሰው ከኮለኑ ፌሮ ላይ ነው።

ጠንቃቆቹ ቁጥሮቹን በዘፈቀደ እየቀያየሩ ደጋግመው ያሰላሉ። ደግ ሐሳብ ነው፤ ሆኖም ያልተሞከረው ቅንጅት ካገኙት ወሰን ውጭ ሊወድቅ ይችላል። ሌሎች በማትሪክሱ ውስጥ ያለውን እያንዳንዱን ቁጥር ለብቻው ከፍ ዝቅ ያደርጋሉ። የአንድ ኮለን ግትርነት ግን በብዙ ቦታ ስለሚደጋገም፣ በዚህ መንገድ ሊኖር የማይችል ሕንፃ ይሰላል፤ ወሰኑም ያለ ልክ ይሰፋል።

የሚሻለው መንገድ አጭር ነው። ሎርድ ሬይሊ በ19ኛው ክፍለ ዘመን እንዳሳየው፣ የአንድ አካል ግትርነት ሲጨምር የትኛውም አይገንቫልዩ አይቀንስም፤ ክብደት ሲጨምርም አንዱም አይጨምርም። ስለዚህ በመስመራዊ ሞዴል ሁለት ስሌት ይበቃል፦ አንዱ ከፍተኛው ግትርነት ከዝቅተኛው ክብደት ጋር፣ ሌላው የተሰነጠቀው ኮንክሪት ያለ ብሎኬቱ ግትርነት፣ ከከፍተኛው ክብደት ጋር። እውነተኛው የውዝዋዜ ጊዜ፣ የተገመቱት ገደቦች ትክክል እስከሆኑ ድረስ፣ ከሁለቱ አይወጣም።

መሐንዲሱ በሁለቱ መካከል የሚገኘውን ከፍተኛ ኃይል ይውሰድ። አጽዳቂውም ሁለቱን ቁጥሮች በስሌቱ ሰነድ ላይ ካላገኘ ንድፉን ይመልስ።