ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት አፈ ጉባኤ፦ ከጎብዬ የተላከ ግልጽ ደብዳቤ

ክቡር አፈ ጉባኤ፣

ጎብዬ ከወልድያ ወደ ቆቦ በሚወስደው አስፋልት ላይ ያለች የራያ ቆላ ከተማ ናት። ገበሬያችን ማሽላና ጤፉን ዘርቶ ዝናብ ይጠብቃል። ዝናቡ ሲቀር ደግሞ የሚጠብቀው አንድ ነገር ነው፤ መንግሥት የገበሬውን መቸገር ደፍሮ እንዲናገርለት። ይህ በየዘመኑ ስለተነፈገን ነው የምጽፍልዎት።

በ1965 ወሎ ሲራብ የዘውዱ መንግሥት የሀገር ስም እንዳይጎድፍ ብሎ ዝም አለ። የረሀቡን ፎቶግራፍ አዲስ አበባ ወስደው ያሳዩት የዩኒቨርሲቲ መምህራን ነበሩ። በሰባ ሰባቱ ድርቅ የደረሰብን ግን የከፋ ነው። የእርዳታ ማስተባበሪያና ማቋቋሚያ ኮሚሽን በመጋቢት 1976 ለጋሾችን ተማጽኖ ነበር። ሆኖም በ1977 መባቻ የደርግ መንግሥት የኢትዮጵያ ሠራተኞች ፓርቲ (ኢሠፓ) ምሥረታንና የአብዮቱን አሥረኛ ዓመት በታላቅ ድግስ ሲያከብር፣ ከእኛ በስተሰሜን ኮረም ላይ ሕፃንና ሽማግሌ በየዕለቱ ይቀበር ነበር። ዓለም ኮረምን ያየው በዓሉ ካለፈ በኋላ፣ ጥቅምት 13 ቀን በቢቢሲ ነው። በዚያ ሁሉ ወራት ፓርቲውን የሚጠይቅ ሌላ ፓርቲ፣ የሚጽፍ ነፃ ጋዜጣ አልነበረም። በ1979 የጸደቀው ሕገ መንግሥት ደግሞ ኢሠፓን የመንግሥትና የኅብረተሰቡ መሪ አድርጎ አጸናው።

ታዲያ ሀገሩን የወደደው ማን ነበር? ሰልፉን ያሳመረው ወይስ «ሰው እያለቀ ነው» ያለው? ለእኔ መልሱ ግልጽ ነው። ሀገር መውደድ ሰዉን መውደድ ነው፤ ጉዳቱን አይሸሽግም። በሀገር ስም የሚኩራራው ብሔርተኛ ግን ጉዳቱን የሚያወጣውን ጠላት ይለዋል፤ ፓርቲና ሀገር አንድ ሲደረጉ ደግሞ ገዢውን መጠየቅ እንደ ክህደት ይቆጠራል።

ያ ዘመን አለፈ እንዳይሉኝ። በግንቦት 2007 ምርጫ ከ547ቱ ወንበር አንድም ለተቃዋሚ አልቀረም። በዚያው ዓመት ዝናብ ጠፍቶ፣ በ2008 የአስቸኳይ እርዳታ ፈላጊው 10.2 ሚሊዮን ደረሰ። በመስከረም 2009 ሀገሪቱ በአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ ሥር ገባች። መቶ በመቶ በገዢው ወገን የተሞላ ምክር ቤት የሕዝቡን ብሶት አስቀድሞ አልሰማም፤ የሚያሰማው አባል አልነበረውማ። በ2013ቱ ምርጫም ውጤታቸው ከተገለጸ 436 ወንበሮች ገዢው ብልጽግና ፓርቲ 410 ወሰደ። የመንግሥትን ወጪ የሚቆጣጠረው ቋሚ ኮሚቴ ሰብሳቢ የነበሩት የተቃዋሚው የአማራ ብሔራዊ ንቅናቄ (አብን) ተመራጭ ክርስቲያን ታደለ በ2015 ክረምት ታሰሩ። ቁጥጥር በዚህ አኳኋን ሊኖር አይችልም።

ራያ ለሀገሩ መሞትን ማንም እንዲያስተምረው አያስፈልገውም። በ2013 እና በ2014 የሰሜኑ ጦርነት ቆቦን ሁለት ጊዜ ሲያጥለቀልቅ ሟቹም ተፈናቃዩም እኛው ነበርን። እናም ስለ ኑሯችን እውነቱን ስንናገር ታማኝነታችን መመዘን የለበትም።

ክቡርነትዎ በሥልጣንዎ ሊያደርጉት የሚችሉት አለ። የመንግሥት ወጪና የአደጋ ጉዳይ ቁጥጥር ኮሚቴዎችን ሰብሳቢነት ለተቃዋሚ አባላት የሚሰጥ አንቀጽ በምክር ቤቱ ደንብ ውስጥ እንዲገባ ያድርጉ። የድርቅ ማስጠንቀቂያ ሁሉ በምክር ቤቱ ፊት በግልጽ ይነበብ። ከዚያም አባላትዎን ወደ ጎብዬ፣ ሮቢትና ቆቦ ይላኩ፤ ካድሬ ያልመረጠውን ገበሬ፣ ካድሬ በሌለበት አደባባይ ይስሙት።