በሽታውን የሸሸገ መድኃኒት አይገኝለትም

ፕሮግራም የሚጽፍ ተማሪ ፕሮግራሙ በደኅና ጊዜ ስለሚሠራው ሥራ አጥብቆ ያስባል፤ በችግር ጊዜ ስለሚናገረው ቃል ግን ግድ የለውም። በሲ ቋንቋ ተጽፈው በተማሪዎች መካከል ከእጅ ወደ እጅ የሚተላለፉትን ፕሮግራሞች ያየ ሰው ይህን አይክድም። አንዱ «ስሕተት» ብሎ ዝም ይላል፤ ሁለተኛው «አልተቻለም፦ 2» ይላል፤ ሦስተኛው አንድ ቃል ሳይተነፍስ ይሞታል።

በሽታው የቆየ ነው። ኬን ቶምሰን በ1969 እ.ኤ.አ. ለዩኒክስ የጻፈው «ኢዲ» የተባለው የጽሑፍ ማረሚያ ለብዙው ስሕተት የሚሰጠው መልስ አንድ የጥያቄ ምልክት ብቻ ነበር። በዚያን ዘመን ማሽኑ ጠባብ፣ ማተሚያውም ዘገምተኛ ስለ ነበረ ቃል መቆጠብ ምክንያት ነበረው። ዛሬ ግን እኛ ምን ምክንያት አለን? ጂሲሲ የተባለው የሲ ኮምፓይለር እንኳ በ2013 እ.ኤ.አ. ከወጣው 4.8 እትሙ ጀምሮ ስሕተት ያለበትን መስመር አትሞ ቦታውን በምልክት ያሳየናል። ለእኛ እንዲህ ከታሰበልን እኛስ ለተጠቃሚያችን ማሰብ አይገባንምን?

መድኃኒቱ ከባድ አይደለም። አንደኛ፣ በየቦታው የተበተነው የማተሚያ ትእዛዝ ቀርቶ መልእክት ሁሉ በአንድ ፈንክሽን በኩል ይውጣ፤ እርሱም የፕሮግራሙን ስም፣ ፋይሉንና መስመሩን፣ የተሞከረውን ሥራ፣ በመጨረሻም ምክንያቱን ሁልጊዜ በአንድ ተራ ይጻፍ። ሁለተኛ፣ መልእክቱ ወደ ስታንዳርድ ኤረር ይላክ፤ ከተራው ውጤት ጋር ከወጣ ውጤቱ ወደ ፋይል በተላከ ጊዜ ከመረጃው ጋር ተቀላቅሎ ይቀበራል። ሦስተኛ፣ ኤርኖ የተባለው የስሕተት ቁጥር ሌላ ፈንክሽን ከመጠራቱ በፊት ይቀመጥ፤ አለዚያ አዲሱ ጥሪ ሊለውጠው ይችላልና የታመመው ሌላ፣ የተነገረው በሽታ ሌላ ይሆናል። ቁጥሩም በስትርኤረር ወደ ቃል ይለወጥ፤ «2» ምንም አይናገርም፣ «እንዲህ ያለ ፋይል የለም» ግን ለማንም ይገባል።

አራተኛው በተለይ እኛን ይመለከተናል። በእንግሊዝኛ ግሥ ከተሳቢው ስም ይቀድማል፤ በአማርኛ ግሥ ማሠሪያ ነውና መጨረሻ ይቆማል። እንግዲህ መልእክቱን ከቁርጥራጭ ቃላት የሚቀጣጥል ኮድ ወደ አማርኛ ሊመለስ አይችልም። ሙሉው ዐረፍተ ነገር በአንድነት ይጻፍ፤ ለፋይሉ ስም ብቻ ቦታ ይተውለት።

«ኮዱ ከሠራ ይበቃል፤ መልእክት ጌጥ ነው» የሚሉ አሉ። ነገር ግን ፕሮግራሙ በሚሰናከልበት ሰዓት ጸሐፊው ተመርቆ ሄዷል። ኮዱን የተረከበው ታናሽ ወንድም ወይም እኅት ሌሊቱን ሙሉ ከስክሪን ፊት ሲቀመጥ የሚያናግረው ያ አንድ መስመር ብቻ ነው። ያም መስመር እውነቱን ከሸሸገ ጥፋቱ የተረካቢው አይደለም። ስለዚህ፣ ወንድሞችና እኅቶች፣ ፕሮግራማችንን ከማስረከባችን በፊት ሆን ብለን እናሰናክለውና የሚናገረውን እንስማ።