አመመኝ ያለውን እንመነው

በትምህርት ቤታችን ሜዳ ላይ አንድ ልጅ ወድቆ እግሩን ይዞ ሲጮኽ፣ ከዳር የቆመው ሁሉ አስቀድሞ የሚመለከተው ደም መኖሩን ነው። ደም ከሌለ «ተነሥ! ወንድ ልጅ አያለቅስም!» ይባላል። እኔ ይህን አነጋገር እቃወማለሁ። መቃወሜም ልጆች እንዲሞላቀቁ ፈልጌ አይደለም፤ ሕመም እንዲሰማን የሚያደርገው አንጎል ስለ ሆነ፣ ሌላ ሰው በዐይኑ አይቶ ሊመዝነው አይችልም ብዬ ነው።

ነገሩን ለመረዳት ወደ ጣና ዳር እንውረድ። በደንገል ታንኳ ዓሣ የሚያጠምድ ሰው አምባዛ ከመረቡ ሲያወጣ፣ በዓሣው ክንፍ ላይ ያለው እሾህ እጁን ወጋው እንበል። (የተጠበሰውን ብቻ የምናውቅ ሰዎች ይህን እሾህ አናስታውሰውም።) እጁ ወዲያው ይሸሻል፤ ይህን የሚያዘው ኅብለ ሰረሰር ነው እንጂ አንጎል ገና አልሰማም። ከዚያም ወሬው በሁለት ዐይነት ነርቭ ወደ አንጎል ይጓዛል። በፈጣኑ የሚሄደው በሰከንድ 5 ሜትርና ከዚያም በላይ ስለሚሮጥ ስለታሙ ውጋት ቀድሞ ይሰማል፤ በዝግተኛው የሚሄደው ግን በሰከንድ ከ2 ሜትር ስለማይበልጥ ማቃጠሉና ጥዝጣዜው ዘግይቶ ይመጣል። አንጎልም የተወጋው የት እንደ ሆነ የሚለየው በአንደኛው ክፍሉ፣ ጭንቀቱንና ምሬቱን የሚያስነሣው በሌላው ክፍሉ ነው።

ሆኖም አንጎል የመጣለትን ወሬ ሁሉ እንዲሁ አይቀበልም። በዚያች ሰዓት ማዕበል ተነሥቶ ታንኳውን ቢያናውጠው፣ አንጎል ኤንዶርፊን የተባሉትን ማስታገሻዎች አፍልቆ ወሬውን ገና ከኅብለ ሰረሰር ላይ ሊያግደው ስለሚችል፣ ሰውየው እጁን የሚያስታውሰው ምናልባት ከዳር ከደረሰ በኋላ ነው። ስንመታ የተመታውን ቦታ ማሸታችንም በከንቱ አይደለም፤ ሜልዛክና ዎል የተባሉ ሊቃውንት እ.ኤ.አ. በ1965 እንዳስረዱት፣ የመዳሰስ ስሜት የሕመሙን በር በከፊል ይዘጋዋል።

አሜሪካዊው ሐኪም ሄንሪ ቢቸር እ.ኤ.አ. በ1946 እንደ ጻፈው፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ክፉኛ ቆስለው ከመረመራቸው ወታደሮች ከአራቱ ሦስቱ ያህል የሕመም ማስታገሻ ይሰጠን አላሉም። በአንጻሩ ትንሹ ቁስል ፍርሃት ሲጨመርበት ይብሳል። እንግዲህ የቁስል ስፋት የሕመም መለኪያ ካልሆነ፣ «ምንም አልሆንክም» ብሎ የሚፈርደው ሰው ማስረጃው ምንድን ነው?

«አባቶቻችን ሁሉን ችለው አልኖሩምን?» የሚለኝ አይጠፋም። መቻልን እኔም አከብራለሁ። ይሁን እንጂ በ1952 ዓ.ም. ሮማ ላይ በባዶ እግሩ ሮጦ ያሸነፈው አበበ ቢቂላ፣ በ1961 ዓ.ም. ሜክሲኮ ላይ እግሩ ታሞ ስለ ነበረ 17 ኪሎ ሜትር ያህል ሮጦ አቋረጠ፤ ድሉንም ማሞ ወልዴ ወሰደው። አበበን ፈሪ ሊለው የሚደፍር ማን ነው?

መምህራኖቻችንና ወላጆቻችን ከመቆጣታቸው በፊት የትና እንዴት እንደሚያመን ቢጠይቁን እወዳለሁ። አማርኛችን በዚህ በኩል ድኻ አይደለም። ይወጋኛል፣ ይቆረጥመኛል፣ ይጠዘጥዘኛል፣ ያቃጥለኛል የምንላቸው ሁሉ ለሐኪም ልዩ ልዩ ምልክቶች ናቸው። ዝም በል እየተባለ ያደገ ልጅ ግን እነዚህን ቃላት አያወጣም፤ የሆዱም ውጋት የትርፍ አንጀት እንደ ሆነ የሚታወቀው ምናልባት ከፈነዳ በኋላ ነው።