የሁለት ልጆች አንድ ድረ ገጽ



ሰሞኑን ከወላጆች አንድ ቅሬታ በተደጋጋሚ እሰማለሁ። «የኮምፒውተር መምህሩ ሁለት ሁለት ሆነው ድረ ገጽ እንዲሠሩ አዘዘ። የእኔ ልጅ ጎበዝ ነው፤ የተመደበለት ጓደኛው ግን ሸክም ሆነበት። ለምን ብቻውን አይሠራም?» ይላሉ። ቅሬታው የሚናቅ አይደለም፤ ውጤትም ጊዜም አለበት። ባለፈው ኅዳር ወረታ እህቴ ቤት የሰነበትኩበት ሳምንት ግን ነገሩን በሌላ ጎኑ አሳይቶኛል።

የእህቴ ልጅ 10ኛ ክፍል ናት። ከአንዲት የክፍል ጓደኛዋ ጋር ስለ ፎገራ ሩዝ ድረ ገጽ እንዲሠሩ ታዘዋል። ኅዳር ደግሞ በፎገራ ሜዳ ሩዝ የሚታጨድበት ወር ነው። ጓደኛዋ ከከተማው ወጣ ካለ ቀበሌ የምትመጣ የገበሬ ልጅ በመሆኗ ሁለት ጊዜ ከቀጠሮ ቀረች። ልጃችን ተናደደችና «ስሟን አውጥቼ ብቻዬን አስረክባለሁ» አለች። እህቴም ልትስማማ ነበር። ይህን ጊዜ እናታችን «ለመሆኑ አንቺ ሩዝ አጭደሽ ታውቂያለሽ?» አሏት። መልስ አልነበራትም። እስከዚያ ቀን ያሰፈረችው ሩዝ በፎገራ በደርግ ዘመን እንደተለመደና ወረታ ላይ ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከል እንዳለ ብቻ ነበር። ሁለቱም እውነት ነው፤ ግን ማንም ሊጽፈው ይችላል።

እሑድ ዕለት ጓደኛዋ መጣች። ርብና ጉማራ በክረምት ሞልተው ሜዳው ላይ ሲተኙ ማሳው ምን እንደሚሆን፣ አረሙ ገና ለጋ እያለ ከሩዙ ጋር እንዴት እንደሚመሳሰል፣ የሩዝ ዱቄት ከጤፍ ጋር ተቀላቅሎ እንዴት እንጀራ እንደሚወጣው ነገረቻት። ገጹ አሁን ነፍስ ዘራ። ነገር ግን ሌላ ጣጣ መጣ፤ ልጃችን ከኪቦርዱ ላይ እጇን ማንሳት አልፈለገችም። እንግዳዋ አጠገቧ ተቀምጣ ተመልካች ሆነች።

ለእኔ ትልቁ አደጋ ይህ ነው። አንዱ እየጻፈ ሌላው እያየ የሚያልቅ የቤት ሥራ ለሁለቱም እኩል ማርክ ያሰጣል፤ ትምህርቱን ግን ለአንዱ ብቻ። ቤቱ ኮምፒውተር የሌለው ልጅ ያቺን ሰዓት ከተነጠቀ ሌላ ሰዓት የለውም።

በሙያው ያሉ አዋቂዎችም እኮ ጥንድ ሆነው ይሠራሉ። አንዱ ይጽፋል፤ ሌላው የተጻፈውን እያነበበ ስሕተት ይለቅማል፤ ከዚያ ይቀያየራሉ። ዓለም የሚጠቀምበት ድር ራሱ ሲጀመር እንግሊዛዊው ቲም በርነርስ ሊ ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1989 አቀረበ፤ በ1990 ደግሞ ከቤልጅጋዊው ሮበርት ካዮ ጋር ሆነው የተሻሻለውን ዕቅድ በጋራ ስማቸው አስገቡ። የፎገራ ገበሬም ቢሆን ይህን በወንፈል ያውቀዋል። ዛሬ የአንተ ማሳ፣ ነገ የእኔ። ወንፈል በምስጋና አይመለስም፤ በእጅ ሥራ ነው የሚመለሰው።

እህቴ የስልኳን ደወል በየ20 ደቂቃው ሞላችላቸው። ሲጮኽ ወንበር ይቀያየራሉ። የእንግዳዋ የመጀመሪያ ተራ ለሁላችንም ረጅም ነበር፤ ፊደል ፍለጋ ስትንከራተት ልጃችን አሥር ጊዜ ተነፈሰች። ሲመሽ ግን ከመዝራት እስከ መውቃት ያለውን የሥራ ወር የሚያሳየውን ሠንጠረዥ የሠራችው ያቺው ልጅ ናት፤ እያንዳንዱ መስመር ምን እንደሚሠራም አስረዳችን።

ነገሩ ምሥጢር እንዳይመስላችሁ፣ በተለይ እናንተ አያቶች። ድረ ገጽ ተራ ጽሑፍ ነው። ኤችቲኤምኤል የሚባሉት ምልክቶች የቱ ርዕስ፣ የቱ አንቀጽ፣ የቱ ሥዕል እንደሆነ ይነግራሉ፤ ሲኤስኤስ ደግሞ ቀለሙንና አቀማመጡን ይወስናል። ለመሥራት ኢንተርኔት አያስፈልግም፤ ኖትፓድና ማሰሻ ያለው አንድ ኮምፒውተር ይበቃል። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ የሞባይል ኢንተርኔት ለወራት ተቋርጦበት ለነበረ ክልል ይህ ቀላል ነገር አይደለም። በአማርኛም ይጻፋል፤ ፊደላችን እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ገብቷል።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. የተጀመረው የ5 ሚሊዮን ኮደሮች ሥልጠናም በነጻ የሚሰጥ ስለሆነ ልጆቻችሁ ቢሞክሩት እወዳለሁ። ነገር ግን እሱ እያንዳንዱ ለብቻው በስክሪን ፊት የሚከታተለው ነው። ወንበር መልቀቅን፣ የዘገየን መጠበቅን የሚማሩት ከጎናቸው ሰው ሲቀመጥ ነው።

ስለዚህ ልጃችሁ ከጓደኛው ጋር ሠርቶ ሲመጣ «ስንት አገኘህ?» ከማለታችሁ በፊት «ጓደኛህ የጻፈው የቱ ነው? እስቲ አስረዳኝ» በሉት። ማስረዳት ካቃተው ሥራው ገና አላለቀም። ጓደኛው ከቀረም የቀረበትን ምክንያት ጠይቁ፤ አጨዳ ከሆነ ቀጠሮውን ቀይሩ። ኮምፒውተሩ ቤታችሁ ካለ ለእንግዳው ልጅ ወንበርም ተራም ስጡት። አያቶች ደግሞ የምታውቁትን ንገሯቸው፤ ገጹ ላይ የሚሰፍረው ነገር ከእናንተ ዘንድ ነው ያለው።