መርዶ ያልደረሰባቸው ቤቶች

በእኛ በቦረና፣ በመካነ ሰላምና በዙሪያዋ፣ ማለዳ መርዶ ሲነገር ቅሬው እንዴት እንደሚነሣ ታውቃለህ። ሙስሊሙና ክርስቲያኑ ባንድነት ድንኳን ይተክላል፤ ውኃ ይቀዳል፤ ንፍሮ ይቀቅላል። መልካም! አስከሬን ያልመጣለት፣ ወረቀት ያልደረሰው ቤትስ? ወደዚያ ማን ሄደ?

ደርግ በ1975 ብሔራዊ ውትድርናን ካወጀ በኋላ በአፈሳ ተወስደው የቀሩ አሉ። ከ1990 እስከ 1992 በባድመና በጾረና ግንባር የቀሩ አሉ። በ2013 የተጀመረው ጦርነት በጥቅምት 2014 ደሴ ሲደርስ የዘመቱም አሉ። ለተዋጊው በየዘመኑ ሐውልትም፣ ሜዳይም፣ ዘፈንም አልጠፋም። በትግራይ በጥቅምት 2016 መርዶው ተነግሮ የሦስት ቀን ሐዘን ታወጀ፤ ቢያንስ ተለቀሰ። ወሬ እንኳ ላጣችው እናት ምን ተደረገላት?

በሰፈራችን አንዲት እናት አሉ። በ2014 የዘመተው ልጃቸው ድምፁ ጠፍቷል። ለአረፋ ከሚደርሳቸው ሥጋ በየዓመቱ ቋንጣ ዘልዝለው ይሰቅሉለታል። አንድ ቀን ወዳጃ ላይ ዕንባቸው ቢመጣ አንዱ፣ ያውም ኪታብ የቀራ ሰው፣ «ይህ የኢማን ድክመት ነው» ብሎ ገሠጻቸው። እኔም ነበርሁ፤ ዝም አልሁ። ይህን የምጽፈው ያ ዝምታ ስላልለቀቀኝ ነው።

ወንድሜ ሆይ! ነቢዩ ያዕቁብ (ዐ.ሰ.) በዩሱፍ ሐዘን ዓይናቸው እስኪነጣ መድረሳቸውን ቁርኣን ነግሮናል። ልብ በል፣ ዩሱፍ አልሞተም፤ የጠፋ ልጅ ነበር። ታዲያ ኢማናቸው ጎደለ ልትል ነውን? የተከለከለው ፊት መንጨትና ልብስ መቅደድ እንጂ ዕንባ አይደለም። ነቢያችንም (ሰ.ዐ.ወ.) በልጃቸው በኢብራሂም ሞት አንብተዋል። ወደ ሐበሻ ተሰዶ የነበረው ጃዕፈር በ8ኛው ዓመተ ሂጅራ በሙእታ ሲወድቅ ለቤተሰቡ ምግብ እንዲሠራ አዘዋል። ኸሊፋው ዑመር የጠፋ ሰው ሚስት አራት ዓመት ከጠበቀች በኋላ አራት ወር ከአሥር ቀን ዒዳ ቆጥራ እንድታገባ ፈርደዋል። ለእናት ግን ዒዳ የላትም፤ ጥበቃዋን የሚዘጋላት ቃዲ አይገኝም።

እንግዲህ ቅሬዎቻችን መርዶ ያልመጣባቸውን ቤቶች በመዝገብ ይያዙ። ከጁሙዓ በኋላ ጀመዓው በተራ ይሂድ። ስትሄድ ቡናውን ጠጣ፤ ልጁን በስሙ ጠርተህ ጠይቅ። «ሞቷል» አትበል፤ «ይመጣል»ም አትበል። ቋንጣውንም ከተሰቀለበት አውርዱት ብለህ አትምከር።