ካምብሪጅም «ጎመን በጤና» አለ?

ሳንሱር ሲባል ቀይ እስክሪብቶ የጨበጠ ካድሬ ብቻ ነበር የሚታየኝ። ለካስ ካባ የደረበ ምሁርም ያግዘዋል! እ.ኤ.አ. ነሐሴ 2017 የካምብሪጅ ዩኒቨርሲቲ ማተሚያ ቤት፣ ከቻይና በኩል ስለተጠየቀ፣ «ዘ ቻይና ኳርተርሊ» ከተባለው መጽሔቱ ከ300 በላይ ጽሑፎች እዚያ አገር እንዳይነበቡ አገደ። ስለ ቲያናንመን፣ ስለ ቲቤት፣ ስለ ታይዋን የተጻፉ ናቸው። ሰበቡ? ሌሎቹ ሕትመቶቼ እንዳይዘጉብኝ ነው አለ። ጎመን በጤና!

ምሁራን ጮኹበት፤ በቀናት ውስጥ እገዳውን አነሳ። ሰማይም አልተደፋበት። ስፕሪንገር ኔቸር ግን ከሁለት ወር ገደማ በኋላ ያንኑ ማድረጉን አመነ፤ የታገደው 1 በመቶ አይሞላም ሲል።

አይ ማጽናኛ! ሳንሱር መቼ ሙሉውን መጽሐፍ ጠይቆ ያውቃል? ሁሌም የሚፈልገው ያችኑ አንዲት ገጽ ነው።